ሰማይ አይታረስ፤ ኢዮብ ግን ከሰሰ

ሰው ሲቸገር ከምንመርቅባቸው ምርቃቶች አንዱ «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» የሚለው ነው። ሥራ ለጠፋበት፣ ልጅ ለሞተበት፣ በቀጠሮ ብዛት ፍርድ ቤት ቤቱ ለሆነበት ሁሉ ይህንኑ ምርቃት እናድላለን። ምርቃቱ ክፋት የለውም። ችግሩ፣ አብዛኞቻችን ኢዮብን የምናውቀው እስከ ምዕራፍ 2 ድረስ ብቻ መሆኑ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፎች አሉት። ታጋሹ ኢዮብ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። በአንድ ቀን ከብቱን፣ አገልጋዮቹንና 10 ልጆቹን አጣ፤ ቀጥሎ ጤናውን። አንዲት ክፉ ቃል ግን አልወጣውም። ሰጪውም ነሺውም እግዚአብሔር ነው ብሎ የተናገራትን ቃል ዛሬም በየለቅሶ ቤቱ እንደግማታለን። ምዕራፍ 3 ላይ ግን ሌላ ሰው እናገኛለን። የተወለደባትን ቀን ይረግማል፣ ይጮሃል፣ ሞት ለምን ዘገየ ይላል። ከዚያም ወዳጆቹ ያልጠበቁትን ያደርጋል፦ ፈጣሪውን ይከሳል።

«ይከሳል» ስንል ለማጋነን አይደለም። ቋንቋው የችሎት ቋንቋ ነው። በዕብራይስጡ እየተመላለሰ የሚመጣው «ሪብ» የሚለው ቃል ሙግት ማለት ነው። ኢዮብ ምዕራፍ 13 ላይ ክርክሬን አዘጋጅቻለሁ ይላል። ምዕራፍ 23 ላይ የት ሄጄ ባገኘሁትና ጉዳዬን በፊቱ ባቀረብኩ ይላል። ምዕራፍ 31 ላይ ደግሞ ንጽሕናውን አንድ በአንድ በመሐላ ከዘረዘረ በኋላ ይፈርማል፤ ባላጋራው ክሱን በጽሑፍ እንዲሰጠውም ይጠይቃል። ለፊርማው የገባው ቃል «ታው» ነው፤ የዕብራይስጥ ፊደል የመጨረሻው፣ የእኛው የ«ተ» የሥጋ ዘመድ።

እንግዲህ ከሳሽ አለ፣ ክስ አለ፣ ፊርማም አለ። የጎደለው ምንድን ነው?

ችሎት የሌለው ሙግት

«በላ ልበልሃ» እየተባለ በተሟገተ አገር ለተወለደ ሰው የኢዮብ ችግር ቶሎ ይገባዋል። በድሮው ሙግታችን ሁለት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ይቆማሉ። ዋስ ይጠራሉ፣ ምስክር ይቆጥራሉ። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ይረታል፤ ያልሆነው ጠበቃ ይፈልጋል። ዳኛው ከሁለቱም ወገን አለመሆኑ ግን የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው።

ኢዮብ ምዕራፍ 9 ላይ የሚያለቅሰው በዚህ ነው። በእኔና በእሱ መካከል የሚገባ ገላጋይ የለም ይላል። ብጠራውና ቢመጣ እንኳ ይሰማኛል ብዬ አላምንም፤ ጻድቅ ብሆን የገዛ አፌ ይፈርድብኛል ይላል። ምዕራፍ 16 ላይ ምስክር ሲፈልግ የሚያገኘው በሰማይ ነው። ምዕራፍ 17 ላይ ዋስ ሲያጣ ያንኑ የከሰሰውን አምላክ ዋስ ሁነኝ ብሎ ይለምነዋል። ቁጭ ብላችሁ አስቡት እስኪ… ዳኛው፣ ተከሳሹ፣ ዋሱና ምስክሩ አንድ ናቸው!

በዕብራውያን መጻሕፍት ውስጥ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ተከራክሮ መርታት የማይችለው ለዚህ ይመስለናል። ሰውየው ነገር ስለጠፋው አይደለም። ኢዮብ በነገር የሚበልጠው ወዳጅ አላገኘም፤ ሶፋር እንዲያውም በሦስተኛው ዙር ድምፁ ጠፍቷል። የጠፋው ሦስተኛ ወገን ነው። መጽሐፈ መክብብም ምዕራፍ 6 ላይ ይህንኑ በአጭሩ ይዘጋዋል፦ ሰው ከእሱ ከሚበረታ ጋር መፋረድ አይችልም።

የሚያሳዝነው ደግሞ አንባቢው የሚያውቀውን ኢዮብ አለማወቁ ነው። እኛ ምዕራፍ 1ን አንብበናል። በሰማይ ጉባኤ እንደነበረ፣ «ሰይጣን» የተባለው (በዕብራይስጡ ቃሉ «ከሳሹ» እንደማለት የሥራ ስም ነው) ኢዮብ የሚፈራህ ስለጠቀምከው ነው ብሎ እንደተከራከረ እናውቃለን። ኢዮብ ግን ሳይጠራ በተሰየመ ችሎት ጉዳዩ ታይቷል። ይህንን እስከ መጨረሻዋ ምዕራፍ ድረስ የሚነግረው የለም።

የረቱስ የሉም እንዴ?

አንባቢ እዚህ ላይ «አብርሃምስ? ሙሴስ?» ሊለን ይችላል። ትክክል ነው፤ እንያቸው።

ዘፍጥረት 18 ላይ አብርሃም ስለ ሰዶም ይደራደራል። 50 ጻድቃን ቢገኙስ? 45ስ? 40፣ 30፣ 20… እያለ እስከ 10 ያወርደዋል። በአንዱም ቁጥር እንቢ አልተባለም። ዘጸአት 32 ላይ ሙሴ ስለ ወርቁ ጥጃ ሲለምን እግዚአብሔር ሕዝቡን ፈጽሞ ከማጥፋት ተመልሷል። እነዚህ ክርክሮች ፍሬ አፍርተዋል።

ግን ልብ አድርጉ። ሁለቱም የተከራከሩት ለሌላ ሰው ነው። ለባዕድ ከተማ ከአምላክ ጋር የተደራደረው አብርሃም፣ ከአራት ምዕራፍ በኋላ የገዛ ልጁን ሠዋ ሲባል አንዲት የተቃውሞ ቃል አልተናገረም። አንድን ሕዝብ ያስማረው ሙሴ፣ ለራሱ ዮርዳኖስን ልሻገር ብሎ ሲለምን ዘዳግም 3 ላይ የተሰጠው መልስ ይበቃሃል፣ ይህን ነገር ደግመህ አታንሳብኝ የሚል ነው። ማማለድ አንድ ነገር ነው፤ መክሰስ ሌላ ነገር ነው። አማላጅ የጌታውን ቸርነት ይጠራል፣ ከሳሽ ግን ፍትሑን ይመረምራል። ማማለዱም ቢሆን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ኤርምያስ ስለዚህ ሕዝብ አትጸልይ ተብሎ ከአንድም ሁለት ጊዜ በላይ ተከልክሏል።

ያው ኤርምያስ ምዕራፍ 12 ላይ የራሱን ጥያቄ ያነሣል፦ ክፉዎች ለምን ይሳካላቸዋል? ሲጀምር ግን መረታቱን አስቀድሞ አምኖ ነው፤ ጻድቅ አንተ ነህ፣ ቢሆንም ልጠይቅህ ይላል። የሚያገኘው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከእግረኞች ጋር ሮጠህ ከደከመህ ከፈረሶች ጋር እንዴት ልትወዳደር ነው? ማጽናኛ ሲጠብቅ ገና የባሰ እንዳለ ተነገረው።

ከዐውሎ ነፋሱ የመጣው መልስ

ኢዮብም መልስ አግኝቷል። ምዕራፍ 38 ላይ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ይናገራል። ስለ ክሱ ግን አንድም ቃል የለም። ስለ ባሕር በሮች፣ ስለ በረዶ መዝገብ፣ ስለ ዋልያ መውለጃ ጊዜ፣ ስለ ሜዳ አህያ፣ ስለ ሰጎን፣ ስለ ብሄሞትና ሌዋታን ይጠይቀዋል። ምድርን ስመሠርት የት ነበርክ? ነው ነገሩ። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ይህንን ብናይ «ተጠያቂው ጥያቄውን አልመለሱም» ብለን ነበር የምንጽፈው።

ኢዮብ መጀመሪያ እጁን በአፉ ላይ ያደርጋል። በመጨረሻ ምዕራፍ 42 ላይ የሚናገራት ዐረፍተ ነገር ደግሞ ተርጓሚዎችን እስከ ዛሬ ታከራክራለች። በዕብራይስጡ የመጀመሪያው ግሥ ተሳቢ የለውም። ራሱን ናቀ? የተናገረውን ተወ? ወይስ ዐፈርና አመድ በመሆኑ ተጽናና? ሦስቱንም ያለ አለ። «ዐፈርና አመድ» የሚለው ጥምረት ራሱ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ አብርሃም ስለ ሰዶም ሲደራደር አንድ ጊዜ፣ ኢዮብ ጋ ሁለት ጊዜ። የሚከራከሩ ሰዎች መታወቂያ ይመስላል።

ከዚያ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። 7,000 በጎች 14,000 ሆኑ፣ 3,000 ግመሎች 6,000 ሆኑ። በኦሪት ሕግ (ዘጸአት 22) እጥፍ የሚከፍለው የሰው ንብረት የወሰደ ሌባ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ልጆቹ ግን እጥፍ አልሆኑም፤ እንደገና 7 ወንድና 3 ሴት ነው የተወለዱለት። የመጀመሪያዎቹ 10 አልተመለሱም። ካሳ ተከፍሏል፤ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ግን መዝገቡ ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል።

ፍርዱ የወረደው በማን ላይ ነው?

የጽሑፋችን ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣል። የሚፈረድበት ግን ከሳሹ ኢዮብ አይደለም። ጠበቆቹ ናቸው!

ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለእግዚአብሔር ነው የተከራከሩት። በልዳዶስ ልጆችህ የሞቱት በኃጢአታቸው ነው ይላል፤ ይህንን ለአባታቸው! ሶፋር የደረሰብህ ከሚገባህ ያነሰ ነው ይላል። ኤልፋዝ ማስረጃ ሲያጣ ክስ ይፈበርካል፤ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን ሰደድክ ይለዋል። ዓላማቸው አንድ ነው፦ ከላይ ያለው እንዳይሳሳት ከታች ያለው ይሳሳት። ኢዮብ ምዕራፍ 13 ላይ ነግሯቸው ነበር። ለእግዚአብሔር ብላችሁ ትዋሻላችሁን? ለእሱስ ታዳላላችሁን? ይህን ብታደርጉ ራሱ ይገሥጻችኋል ብሏቸው ነበር።

እንዳለውም ሆነ። ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር ለኤልፋዝ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ይለዋል። 7 ወይፈንና 7 አውራ በግ ይዘው ሄደው፣ ያ ሲወቅሱት የከረሙት ሰው እንዲጸልይላቸው ይታዘዛሉ። ሙግቱን ያልረታው ኢዮብ አማላጅ ሆኖ ወጣ። ለአምላክ ጥብቅና የቆሙት ደግሞ ምሕረት ለማኝ ሆኑ።

ከናዚ እልቂት የተረፈው ኤሊ ቪዘል ይህ ነገር የገባው ይመስለናል። በልጅነቱ በኦሽዊትዝ ካምፕ የተማሩ አይሁዳውያን ፈጣሪን ለፍርድ ሲያቀርቡ ማየቱን ተናግሯል፤ ከዚያም ተነሥቶ በ1979 እ.ኤ.አ. በአምላክ ላይ ስለሚሰየም ችሎት ተውኔት አሳትሟል። በተውኔቱ ውስጥ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የሚሆን ሰው ይጠፋል። በመጨረሻ አንድ እንግዳ ይነሣል፤ አንደበቱ የጣፈጠ፣ መልስ የማያጣ። መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ማንነቱ ይገለጣል። ሰይጣን ነው።

እኛስ?

እኛ አገር ለቅሶ ቤት ገብተን የምናደርገውን እናውቃለን። ገና ሬሳው ሳይቀበር «ለበጎ ነው»፣ «እሱ የወደደውን ነው የሚወስደው»፣ «ለምን አይባልም» እንላለን። ሲብስም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ምን አድርገው ይሆን?» እንባባላለን። ልጇን የቀበረች እናት ወደ ሰማይ ስትጮህ ዝም ለማሰኘት እንሽቀዳደማለን፣ ፈጣሪ ጥብቅናችንን የሚሻ ይመስል። ከኢዮብ መጽሐፍ እንደምንረዳው ግን ሦስቱ ወዳጆች አንድ ትክክለኛ ነገር አድርገዋል። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ 7ቱ ወይፈኖችም በተረፉ ነበር።

ሌላም አለ። የእኛ ተረት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። የዕብራውያን መጻሕፍት የመጀመሪያውን ግማሽ ይቀበላሉ፤ ሁለተኛውን ግን አይቀበሉም። ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ሲያስገድል ናታን ቤተ መንግሥቱ ድረስ ገብቶ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎታል። አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በሐሰት ምስክር ሲወርስ ኤልያስ እዚያው ቦታው ላይ አግኝቶታል። በእነዚህ መጻሕፍት ሊረቱት የማይቻል አንድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የከሰሰውን ሰው አፍ አላስያዘም፤ ክሱን ሃያ ያህል ምዕራፍ ሙሉ አስጽፎ አስቀምጦለታል።

እንግዲህ ፈጣሪ ራሱ ክሱን ካልሰረዘ፣ በቤት አባወራ፣ በመሥሪያ ቤት አለቃ፣ በአገር ሹም ሆኖ «እኔ አልጠየቅም» የሚል ሰው ያንን መብት ከየት አመጣው? በዙሪያው ተሰብስበው «እሱ እኮ አይሳሳትም» የሚሉትስ ከኤልፋዝ በምን ይለያሉ?

ኢዮብ ሙግቱን አልረታም። እኛም ብንሞክር አንረታም፤ ዳኛ የለማ። ግን መርታት አለመቻልና መናገር አለመቻል አንድ አይደሉም። ከአሁን በኋላ «የኢዮብን ትዕግሥት» ብለን ስንመርቅ የኢዮብን አንደበትም ጨምረን እንመርቅ። ምርቃቱ የሚሞላው ያኔ ነው።