የእሁድ አሰልጣኝ፣ የሰኞ አለቃ

ኳስ ባለበት ቀን መቐለ ውስጥ አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጨዋታ የሚያሳይ ካፌ ጎራ ያለ ሰው የሚሰማው ይህንኑ ነው። «ያ አስር ቁጥር ደክሟል፣ ለምን አይቀይረውም?»፣ «ልጁን ያለ ቦታው አሰልፎት ምን ይጠብቃል?»፣ «ቆይ፣ በእረፍት ሰዓት ምንድን ነው የነገራቸው?»። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው አስተያየት ትክክል ነው። የሚገርመው ግን ከእነዚህ ተንታኞች ብዙዎቹ ሰኞ ጠዋት የመምሪያ ኃላፊ፣ የፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ ፎርማን ወይም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። በሥራቸው ያሉትን ሰዎች ሲመሩ ግን እሁድ የተነተኑትን ሁሉ እርግፍ አድርገው ይረሱታል።

ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ይህንኑ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስለ «አመራር ክህሎት» ስልጠና ይሰጣል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ለኳስ አፍቃሪ አለቃ ትልቁ የአመራር ትምህርት ቤት በየሳምንቱ ከዓይኑ ሥር ነው ያለው።

ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ወደ መቐለ መጡና በ2011 ዓ.ም. ምዓም አናብስትን፣ ማለትም መቐለ 70 እንደርታን፣ ሻምፒዮን አደረጉ። ክለቡ በፕሪሚየር ሊጉ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ይኸው አሰልጣኝ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ለሊጉ ዋንጫ አበቁ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ! ይህን በዕድል ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ተጫዋቹ ሌላ፣ የክለቡ አስተዳደር ሌላ፣ ደጋፊውም ሌላ ነው። በሦስቱም ቤት ያልተለወጠው አንድ ሰው ነው።

ልብ በሉ፣ ያ ሰው በሦስቱ ዋንጫዎች አንዲትም ጎል አላስቆጠረም። በ2010 የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የጅማው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። በ2011 ደግሞ የመቐለው አማኑኤል ገብረሚካኤል። ሁለቱም በእሳቸው እጅ ሥር የነበሩ ልጆች ናቸው። የአለቃ ጥሩነት የሚታየው በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ ውጤት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእግር ኳስ ሕግ ለአሰልጣኙ አንድ ትልቅ ውለታ ውሎለታል፤ ሜዳ ገብቶ እንዳይጫወት ከልክሎታል። መቆሚያው ከተቀያሪዎች ወንበር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር ያለፈች፣ ከሜዳው መስመር አንድ ሜትር የራቀች ጠባብ ክልል ናት። ከዚያ ወጥቶ ካበዛው ካርድ ይመዘዝበታል። አጥቂው ባዶ ጎል ቢስት እንኳ «ቆይ እኔ ልምታት» ማለት አይችልም። ስለዚህ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልጁን ማዘጋጀት፣ እሁድ ደግሞ ማመን።

የቢሮ አለቃ ግን ይህ መስመር የለውም። የበታቹ ደብዳቤ ሲያበላሽ «ተወው፣ እኔ ራሴ እጽፈዋለሁ» ይላል። መካኒኩ ሲዘገይ መፍቻውን ይነጥቀዋል። ሒሳቡ ሲዛባ እስከ ምሽት አምሽቶ ራሱ ያስተካክለዋል። ሲያዩት ታታሪ ይመስላል፤ ታታሪም ነው። ግን ምን እየሠራ ነው? ሜዳ ገብቶ የተጫዋቹን ኳስ እየቀማ ነው! ዓመት ሙሉ እንዲህ ከቆየ በኋላ «ሠራተኞቼ ኃላፊነት አይወስዱም» ብሎ ያማርራል። እንዴት ይውሰዱ? ኳሱን መቼ ሰጣቸውና!

የዚህ ችግር ሥር አሿሿማችን ላይ ነው። እኛ አገር ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ኃላፊ ይሆናል፣ ጎበዝ መካኒክ የጋራዥ አለቃ ይሆናል። ሽልማት እንጂ ሌላ ሙያ መሆኑን የሚነግረው የለም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። ጆዜ ሞሪንሆን ተመልከቱ። በተጫዋችነት ስም አልነበራቸውም፤ ከሰር ቦቢ ሮብሰን ጎን አስተርጓሚ ሆነው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2004 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሱ። በእርግጥ ሁለቱንም የቻሉ አሉ። ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታላቅ ተጫዋች ነበሩ፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድም አሰልጣኝ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ ግን ያን ዋንጫ ያመጡት ከመስመር ውጪ ቆመው ነው።

አሁን ወደ ሌላ ሕግ ልውሰዳችሁ። ከዚያች ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ትእዛዝ መስጠት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረዳቱ፣ የበረኛ አሰልጣኙና ቡድን መሪው ባንዴ ተነስተው ቢጮሁ አራተኛው ዳኛ ያስቀምጣቸዋል። ወደየመሥሪያ ቤታችን ስንመጣስ? አንዱ ሠራተኛ ጠዋት ከክፍል ኃላፊው፣ ረፋድ ላይ ከምክትሉ፣ ከሰዓት ከዋናው በቀጥታ ትእዛዝ ይቀበላል። ሦስቱ አይገናኙም። ማታ ላይ ሥራው ሳያልቅ ሲቀር ማን ይጠየቃል? ሠራተኛው።

መጠየቅ ካልን አይቀር አንድ የቆየ ቁስል ላንሳ። በ2005 ዓ.ም. ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ቦትስዋናን በሜዳዋ አሸንፈው ሲመለሱ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጠቀን። የአገር ሰው ሁሉ ተቃጠለ። ጥፋቱ የእግር ሳይሆን የወረቀት ነበር፤ ሜዳ ላይ የሮጠው ልጅ ሥራውን ሠርቷል። ያቺን ቢጫ ካርድ መቁጠር የቢሮው ድርሻ ነበር። ከዚህ የምንማረው የሠራተኛን ስህተት ከመቁጠር በፊት ከእኔ የሚጠበቀው ተሟልቷል ወይ ብሎ መጠየቅን ነው። መሣሪያው ቀርቧል? መመሪያው ደርሶታል? ጊዜው ይበቃዋል?

ተግሣጽም ቢሆን ቦታ አለው። የእረፍት ሰዓት ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ብልህ አሰልጣኝ የመልበሻ ክፍሉን በር ዘግቶ ይናገራል፣ ቢቆጣም እዚያው ይቆጣል፣ ከዚያ «አንተ ወደ ቀኝ ጥበብ፣ አንተ ለእሱ ሸፍንለት» ብሎ ለሁለተኛው አጋማሽ የሚሠራ ነገር ይሰጣል። ደንበኛ ፊት ሠራተኛውን የሚያዋርድ አለቃ ቁጣውን አወጣ እንጂ የሚሠራ ነገር አልሰጠም። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚጠነቀቀው ሥራው እንዳይበላሽ ሳይሆን አለቃው እንዳያየው ነው።

ይህ ሁሉ በየትም ከተማ ይሠራል። መቐለ ላይ ግን ከሌላው ይበልጥ ያስቸኩላል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ በኋላ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሊጉ ውጪ ሆኑ። የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። ለተጫዋች ይህን ያህል ዓመት ማለት የእግር ኳስ ዕድሜ ሲሶ ነው። በዚያው ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆየ፣ ፋብሪካዎች ቆሙ፣ ባንኮች ተዘጉ። ዛሬ በየወንበሩና በየማሽኑ ያለው ሰው ከዚያ የተመለሰ ነው። ቤተሰብ ያጣ አለ፣ ያቋረጠውን ሙያ የረሳ አለ፣ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ አለ።

አሰልጣኝ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ ልጅን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ለብቻው ያሠራዋል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያስገባዋል፣ ቀጥሎ አንድ አጋማሽ፣ ከዚያ ዘጠናውን። ቀድሞ ኮከብ ስለነበር ብቻ በመጀመሪያው ቀን ዘጠና ደቂቃ አይጠይቀውም፤ ዛሬ ስለደከመም «አለቀለት» ብሎ አይሸኘውም። አለቆቻችን ከዚህ የበለጠ ጥበብ አያስፈልጋቸውም። ከሁለት ዓመት በላይ ከሥራው የተለየን ባለሙያ ትናንት እንደተለየ መቁጠር ግፍ ነው። «ምንም አይነካውም፣ እንተወው» ብሎ ጥግ ማስቀመጥም ያው ግፍ ነው፣ ቤንች ላይ እድሜ ልክ እንደማስቀመጥ። የሚሻለው ከትንሽ ጀምሮ፣ እያዩ፣ እየጨመሩ መሄድ ነው።

«ይህ ሁሉ ለወሬ ያምራል፤ ቦርዱ ውጤት በሩብ ዓመት ይጠይቀኛል» የሚል አለቃ እንደሚኖር እገምታለሁ። እውነት አለው። የእኛ ክለቦችም ሁለት ጨዋታ ሲሸነፉ ዓይናቸው የሚያርፈው አሰልጣኙ ላይ ነው። ግን ሰር አሌክስ ፈርጉሰንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድ ገቡ፤ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሱት በ1993 ነው። ከዚያ እስከ 2013 ድረስ አስራ ሦስት አደረሱት። እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት የዕለት ልምምዱን ለረዳቶቻቸው ትተው ዳር ቆመው ማየት ሲጀምሩ ነው ብዙ ነገር የተገለጠላቸው፤ የማን ጉልበት እንደወረደ፣ ማን ልቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ። ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ይህን አያይም። ማየት ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

በሌላ በኩል፣ አሰልጣኝነት ማባበል ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ቅያሪም የሥራው አካል ነው። ልምምድ ተሰጥቶት፣ ቦታው ተነግሮት፣ ጊዜ አግኝቶ የማይሮጥ ተጫዋች ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ተቀያሪው ሲወጣ ለምን እንደወጣ ማወቁ ነው።

እንግዲህ አለቃ የሆናችሁ ወገኖች፣ ራሳችሁን የምትመዝኑባት አንዲት ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። አሰልጣኝ በቀይ ካርድ ሲታገድ ከቡድኑ ርቆ ትሪቡን ላይ ይቀመጣል። ቡድኑ ግን ይጫወታል፤ ሳምንቱን በደንብ ከሠሩ ያሸንፋልም። እናንተም የዓመት እረፍታችሁን አሥራ አምስት ቀን ውሰዱና ስልካችሁን አጥፉ። ስትመለሱ ሥራው ሄዶ ካገኛችሁት አሰልጣኝ ናችሁ። ሁሉም ነገር እናንተን ቆሞ ሲጠብቅ ካገኛችሁት ግን በሠራተኞቻችሁ አትፍረዱ፤ እስካሁን ብቻችሁን ስትጫወቱ ኖራችኋል ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።