መጀመሪያ ግራዋው፣ ቀጥሎ ጢሱ

በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ከተማ ከሁሉ የጸዳው ክፍል የሚገኘው በኢንቴል የቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አየሩ ሌት ተቀን ይጣራል፤ ሠራተኛው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ተሸፋፍኖ ይገባል። እንዲህ ባለው ክፍል ሽቶ ተቀብቶ መግባት አይፈቀድም፤ በቺፕ ሥራ ሽቶ እንደ አቧራ ሁሉ ከብክለት ይቆጠራል። በዚያው ከተማ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ግን የጸዳ ቤት ገና ከደጅ በመዓዛው ይለያል። ቡና ሲቆላ እጣን ይጨሳል፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው ከጓዳ ያውዳል፤ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም አይጠፋም።

እንዲህ ያሉ ቅመሞችና ቅጠሎች፣ ሎሚና ብርቱካንም ጭምር፣ ዛሬ ተነጥረው ወይም ተጨምቀው በትንንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይሸጣሉ። መዓዛማ ዘይት ይባላሉ። ተስፋቸው ግን ከጠርሙሱ ይገዝፋል፦ ወለል ያጸዳል፣ ጀርም ይገድላል፣ ጉንፋን ያባርራል፣ ሰውነትን ከመርዝ ያጥባል ይባልላቸዋል። ከዝነኞቹ አንዱ ያንግ ሊቪንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው የቅርንፉድ፣ የሎሚ፣ የቀረፋ፣ የባሕር ዛፍና የሮዝመሪ ድብልቅ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሌቦች ተረት ነው፤ በወረርሽኝ ዘመን የሙታንን ቤት የሚዘርፉ አራት ሌቦች በቅጠላ ቅጠል ተቀብተው ከበሽታው ተረፉ ይባላል። ተረቱ ያዝናናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን አልተዝናናም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አከፋፋዮቻቸው ዘይቶቹ ኢቦላን ሳይቀር ይከላከላሉ እያሉ በመሸጣቸው ለዚህ ኩባንያና ለተፎካካሪው ዶቴራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እዚህ ላይ ከማንም ሳይማር የሚያውቀው ነገር አለ። የጠላ ጋን እንዴት ነው የሚሰናዳው? መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል በደንብ ይፈተጋል፤ ከዚያ በውሃ ይለቀለቃል። በወይራ ወይም በጥንጁት የሚታጠነው ከጠራና ከደረቀ በኋላ ነው። የወተት ዕቃም ወጉ ያው ነው። ጢሱ ሥራ የለውም ማለት አይደለም፤ ተህዋስያንን የመግታት አቅም አለው፣ ጣዕምም ይጨምራል። ቆሻሻ ጋን ላይ ጥንጁት የምታጨስ ባለሙያ ግን የለችም፤ ብትኖር ጎረቤት ይስቅባታል። ሳይፈተግ የሚረጭ የሎሚ ዘይት ከዚህ በምን ይለያል? ቅባቱና እድፉ እዚያው ነው፤ የተለወጠው ሽታው ብቻ ነው።

በሰሜን ተራሮችና በጎንደር ይኖሩ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን መንደራቸውን ከወራጅ ውሃ አጠገብ ማድረግ ይወዱ ነበር፤ መንጻት ማለት ወንዝ ወርዶ መታጠብ ነበርና። ከመታጠባቸው ብዛት የተነሣ ጎረቤቶቻቸው “ውሃ ውሃ ይሸታሉ” ይሏቸው እንደነበር ስለ እነሱ የጻፉ ሰዎች መዝግበዋል። እንዲህ ያለ ወግ ይዞ የመጣ ማኅበረሰብ ንጽሕናን ከጠርሙስ ሊማር አይገባውም።

ይህ ማለት ዘይቶቹ ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ ውስጥ ያለው ቲሞል ጀርም ገዳይ ነው፤ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተመዘገቡ ቲሞል ያለባቸው ማጽጃዎች አሉ። ሊስትሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫም ቲሞልና የባሕር ዛፍ ንጥረ ነገር ይዟል። ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ ሲነክስ የሚያደነዝዘውን ዩጂኖል የጥርስ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ልዩነቱ ያለው በእነዚህ ምርቶች ላይ መጠኑ መለካቱና አጠቃቀሙ መጻፉ ላይ ነው፤ የቲሞሉ ማጽጃ እንኳ ጀርም ለመግደል የተጠረገው ቦታ ላይ ለደቂቃዎች እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ባልዲ ውሃ ላይ ጣል የሚደረግ ሁለት ጠብታ ግን ለቤቱ መዓዛ ከመስጠት በቀር ብዙም አይሠራም።

ከሁሉ የሚያሳስበው መጠኑ ነው። ስኒ ቡና ላይ የምትጣል አንዲት የጤና አዳም ቀንበጥ መዓዛዋን ትሰጣለች፣ አበቃ። የቂርያት ጋት ሞሮኳውያንም ሩዳ እያሉ ሻያቸው ላይ የሚጨምሩት እሷኑ ነው። ዘይት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ከብዙ ቅጠሎች በክብደታቸው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ዘይት ቢገኝ ነው፤ ስለዚህ አሥር ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የታመቀው ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ ቅጠል ነው። ይህን ያህል ጤና አዳም በአንድ ቀን የጠጣች አያት የለችም። ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ያነሣሣል፤ ለእርጉዝ ሴት ጨርሶ የሚሆን አይደለም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ከልጣጩ የተጨመቀ የሎሚ ዘይትም ይህ ጠባይ አለው፤ የቂርያት ጋት የሐምሌ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አያዝንም።

የባሕር ዛፍ ታሪክም ያስተምራል። በ1890ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ ችግሯን ለማቃለል ባሕር ዛፍ መትከል ስትጀምር፣ በዛሬይቱ እስራኤል የሐዴራ ሰፋሪዎችም ረግረጋቸውን ለማድረቅ የዚያኑ የአውስትራሊያ ዛፍ ዘመዶች ይተክሉ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው በቅጠሉ እንፋሎት መታጠኑ በሁለቱም አገር አዲስ አይደለም። ዘይቱን መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ሕፃን ልጅን ለማንዘፍዘፍና ራሱን ለማሳት ትበቃለች። መዓዛው ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ጠርሙሱን አይፈሩትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለወለል ጠራጊዎች፦ በረኪና ከሎሚ ጭማቂ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አይቀላቀልም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ ክሎሪን ነው።

ይህን ሁሉ ለማስረዳት እስራኤል ውስጥ መንገዱ ተጠርጓል። ጤነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለቤተ እስራኤላውያን ስለ ስኳር በሽታና ስለ አመጋገብ በራሳቸው ቋንቋ ሲያስተምር ቆይቷል። በዚያው ዘመን የተጀመረው ሬፉዋ ሽሌማ የተሰኘ ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ የሚችሉ አገናኞችን በየክሊኒኩ መድቧል። የጎደለው ጥያቄው ነው። ነርሷ እርጉዟን የምትወስደውን ኪኒን ከጠየቀቻት ወዲያ “ቡናሽ ላይ ምን ትጨምሪያለሽ? በጠርሙስ የሚሸጥ ዘይትስ ትወስጃለሽ?” ብትላት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው። ባለሱቆችም ጠርሙሱ ላይ “አይጠጣም፤ ከልጆች ይራቅ፤ ተቀብተው ፀሐይ ላይ አይውጡ” የሚል አማርኛ ቢለጥፉ ወጪያቸው የወረቀት ዋጋ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈውን ደቃቅ ማስጠንቀቂያ የማያነቡ አያቶች በከተማይቱ ጥቂት አይደሉም፤ ዘይቱን “ለጉልበትሽ ጥሩ ነው” ተብለው በስጦታ የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው።