ስልኩ ይናገራል፤ ገበሬውንስ ማን ይሰማዋል?

ገበሬውን ስለ ማስተማር ስንነጋገር ብዙዎቻችን እርሱን አንዳች እንደማያውቅ፥ ራሳችንን ግን ሁሉን እንደምናውቅ አድርገን እንጀምራለን። ይህ አሳብ የተመከረውን ምክር ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች ምክር የሚሰጥ 8028 የተባለ የስልክ መሥመር ተከፈተ። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቋንቋውንና የሰብሉን ዐይነት ቁጥር እየነካ ይመርጣል፤ ስለ አስተራረስ፥ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። የስንዴ ዋግ ሲነሣም ማስጠንቀቂያ ተላልፎበታል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው በገዛ ቋንቋው ምክር መስማቱ ታላቅ ነገር ነው። ይህን የሚያቃልል ቢኖር ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ነው።

ዳሩ ግን መስማት ሌላ፥ እጅን ማሠልጠን ሌላ ነው። ጤፍን በመሥመር መዝራት ምሳሌ ይሁነን። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል፤ በመሥመር ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል ተብሎ ተመክሯል። ምክሩ ሲነገር አጭር ነው። በማሳው ላይ ግን ጤፍ ደቃቅ ናትና ከጣት ታመልጣለች፤ መሥመር የሚያወጣ፥ ዘር የሚያንጠባጥብ፥ አፈር የሚያለብስ ሰው ያስፈልጋል፤ ዝናቡም አይጠብቅም። ገበሬው «ጉልበቱን ከየት ላምጣ?» ሲል «አዲስ ነገር አይቀበልም» እንለዋለን። እርሱ ግን ሒሳብ እየሠራ ነው። ክዳኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዘሩን ያንጠባጠቡም አሉ፤ ዘዴ የሚወለደው እንዲህ ካለው ችግር ነው።

እንግዲህ ስልክ የልማት ሠራተኛውን ይተካል በሚለው አልስማማም። ተደጋግሞ የሚነገረውን ስልኩ ይናገርለት፤ ሠራተኛው ከገበሬው ጋር በማሳው ቆሞ ይሞክር፥ ይጠይቅ፥ የሰማውንም ለምርምር ጣቢያው ያድርስ። ነገር ግን የማዳበሪያ ዕዳ ሰብሳቢና ስብሰባ ጠሪ ካደረግነው ይህን መቼ ይሠራዋል? ስልኩስ ከባል ኪስ ካልወጣ፥ ስታርም የምትውለው ሚስት ምክሩን ከማን ትሰማለች?

ወቀሳው ለእኛም ነው። በእርሻ ትምህርት ተመርቆ ወረዳ መመደብን እንደ ግዞት የሚቈጥር በመካከላችን አለ፤ ያው ሰው ግን ለገበሬው የስልክ መተግበሪያ ልሥራለት ይላል። ወንድሞችና እኅቶች፥ ከመሥራታችን በፊት አንድ የዘር ወራት ከሞፈሩ ኋላ ቆመን እንጠይቅ። ጠያቂ ያልሆነ መካሪ፥ በእግሩ ቢመጣ በስልክ፥ ዘሩን በጭንጫ ላይ ይበትናል።