«ሞተሩ ሞተ» ሲሉሽ



ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ለወንድም ወይም ለባል መኪና ገዝታችኋል። የአንዷ በአዲስ አበባ ሰው የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው፤ የሌላዋ በክፍለ ሀገር የሚሠራ አሮጌ ኮሮላ ነው። በእርሱ እናት ትጦራለች፤ ታናናሾች ይማራሉ። ታዲያ አንድ ዓርብ እስከ አል ዐዚዚያ ስልክ ይደወልና «እቴ፣ ሞተሩ ሞቷል፤ ሌላ ሞተር ካልተገዛ መኪናው ቆሟል» ይባላል። ይታደስ ወይስ ይቀየር? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። «ሞተ» ማለት የጋራዥ ቋንቋ ነው እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። የሞተር ሞት ቢያንስ ሦስት ዐይነት ነውና።

አንደኛው ከላይ የሚመጣ ነው። ራዲያተር አፍስሶ ውኃ ሲጎድል ሞተሩ ይግላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ምልክቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ውኃው በየጊዜው ይጎድላል፤ በማርሚታው ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ይወጣል፤ ዘይቱ ከውኃ ጋር ተደባልቆ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ይህ ከሆነ ቴስታታው ወርዶ ይስተካከላል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል፤ ራዲያተሩ ይጠገናል። ለዚህ ብሎ ሌላ ሞተር መግዛት ራስ ስላመመ አንገት መቁረጥ ነው።

ሁለተኛው ከእርጅና የሚመጣ ነው። ፋሻው ሲያልቅ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፤ ዳገት ላይ ይደክማል። ከታች የሚያንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ብሮንዚናው ተበልቷል ማለት ነው። ይህ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል። ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፤ ሪቲፊካ ቤት ሄዶ ሲሊንደሩ ይለካል፤ ካስፈለገም በማሽን ይሰፋና በልኩ ፒስተን ይገባለታል። ለብዙ ሞተሮች ከፋብሪካው ልክ በ0.50 ወይም በ1 ሚሊ ሜትር የሰፋ ፒስተን ይሸጣል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ተሰፍቷል ወይ? ስንት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንድም ጊዜ ካልተሰፋ ገና ዕድሜ አለው።

ሦስተኛው የሞተሩ አካል፣ ብሎክ የሚሉት፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲበሳ ነው። መቀየር የሚገባው ይሄኔ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት የብራና መጽሐፍ ገበታው ቢሰበር፣ ስፌቱ ቢላላ፣ እንደ ገና ይጠረዛል እንጂ መጽሐፉ ሁሉ እንደ አዲስ አይጻፍም። ብራናው በስብሶ ቀለሙ ከጠፋ ግን መጠረዙ ከንቱ ድካም ነው፤ ሌላ ይጻፋል። ብሎኩ ብራናው ነው። ብራናው ደኅና መሆኑን ሳታውቂ ገንዘብ አትላኪ።

ይህን በምን አውቃለሁ ትይ ይሆናል። አንደኛ፣ የየሲሊንደሩ ኮምፕረሽን ተለክቶ ቁጥሩ ይነገርሽ። ሁለተኛ፣ ሌላ መካኒክ፣ ሥራውን የማይወስደው፣ እንዲያየው አድርጊ። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሲፈታ የተበላሸው ዕቃ በስልክ ተነሥቶ ይላክልሽ። አራተኛ፣ የዕቃው ዋጋና የእጅ ዋጋ ተለያይተው ይጻፉ።

«ያገለገለ ሞተር ከሶማሌ ተራ ገዝቶ መግጠም ይፈጥናል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መኪናው ቶሎ ሥራ ይጀምራል። ነገር ግን ውስጡ አይታይም፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደም የሚመሰክር የለም። የሞተር ቁጥርም በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሻጩ የቀረጥና የግዢ ማስረጃ ካልሰጠ፣ በኋላ ለቦሎም ለሽያጭም እንቅፋት ይሆናል።

«እዚህ ደማም ተሽሊህ ሞተር ርካሽ ነው፤ ገዝቼ ልላክ» የምትሉም አላችሁ። ጅዳ ወደብ ለመድረስ ብቻ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ከዚያ የመርከቡ፣ የጂቡቲው፣ የጉምሩኩ ወጪ ይከተላል። ሞተሩ ከመኪናው ሞዴል ጋር ካልገጠመ ደግሞ ማን ይመልሰዋል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በሪያልና በወር ደመወዝሽ አስዪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በወራት ውስጥ አንድ ሪያል የሚያወጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሆኖም መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ የእርሱም ዋጋ አብሮ ወጥቷል። እንግዲህ እድሳቱ የ3 ወር ደመወዝሽን ቢፈልግ፣ መኪናውም ነዳጁንና የሾፌሩን ከፍሎ በወር የደመወዝሽን ግማሽ ቢያስገባ፣ በ6 ወር ይመልሳል። ውልሽ 2 ዓመት ከሆነና 5 ወር ብቻ ከቀረሽ ግን፣ ባዶ እጅሽን እንዳትገቢ ደግመሽ አስቢ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እንዳለ መሸጥ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ሀገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በቀላሉ የሚናቅ አልሆነም። ገላውና ካምቢዮው ደኅና ከሆነ ሞተሩ የቆመ መኪናም ገዢ አያጣም። ገላው ዝጎ፣ ካምቢዮው አርጅቶ ከሆነ ደግሞ፣ በአሮጌ አቁማዳ አዲስ እህል አትጨምሪ።

ይህን ሁሉ መጠየቅሽ ወንድምሽን ሌባ ማድረግ አይደለም። እርሱም ብዙ ጊዜ መካኒኩ የነገረውን ነው የሚደግመው። ስትጠይቂ እርሱም ይጠይቃል፤ ባለሙያውም ይጠነቀቃል። ሳትጠይቂ ልከሽ ቂም ከመያዝ፣ ጠይቀሽ በፍቅር መላክ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ አትርሺ፤ ሞተሩን የገደለው ምንድን ነው? ዘይት በጊዜው ሳይቀየር ቀርቶ ነው? ራዲያተሩ እያፈሰሰ ዝም ተብሎ ነው? መልሱ ካልታወቀ የታደሰውም የተቀየረውም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዘቡን ስትልኪ ቃል ተቀበዪ። የታደሰ ሞተር በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ብዙ ጭነት አይጫንበት፤ ከዚያም ዘይቱ ይቀየር። ከዚያ ወዲህ ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር ይጻፍ፤ ከየዕለቱ ገቢም ጥቂት ለጥገና ይቀመጥ። መኪናው የተገዛው አንቺን እንዲያሳርፍሽ ነውና፣ የሚቀጥለውን ጥገና ከራሱ ገቢ ይቻል።

ይቆየን።