ስለ ላስታ የሚናገረው ማን ነው?

በዘመናችን ተንታኝ የሚባል የሙያ ስም በዝቷል። ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ኮምፒዩተር መረብ ደኅንነት በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስረዱን እነሱ ናቸው። ትምህርታቸውን አንንቅም። ለመሆኑ ግን ነገሩን ከማን ሰሙት?

ላሊበላን እንመልከት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ተደረገ፤ ተንታኞቹም በድምፅ ቆጠራው ሲከራከሩ ከረሙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 29 ቀን፣ ከተማይቱ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። በኅዳር 2014 የመንግሥት ጦር አስለቀቃት፤ በታኅሣሥ እንደገና ተይዛ በዚያው ወር ተለቀቀች። ስልክና መብራት በተቋረጠባቸው በእነዚያ ወራት የላስታ ገበሬ ድምፅ አልተሰማም። ከዋሽንግተንና ከአዲስ አበባ የሚናገሩት ግን ተራራው ላይ ቆመው ያዩ ይመስሉ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ብዙ ወራት ቆየ።

የሐሰት ወሬ ሕዝብ ያጫርሳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን መስመር ሲዘጋ የሚሞተው ወሬው ሳይሆን ማስተባበያው ነው። ያየው ዝም ሲል ያላየው ይተነትናል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ነገ በዚያ ወንበር የምንቀመጥ ተማሪዎች ከመናገራችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንልመድ፤ ማን ነገረን? እሱስ መቼ አየ? ያልሰማነውስ ማንን ነው? መምህራኖቻችንም በክርክር መድረካችን ከተንታኙ አስቀድመው የላስታን ልጅ ያናግሩልን። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ጆሮ ብቻ ይበቃዋል።