ሳይረን ለአጀብ፣ ወረፋ ለእሳት አጥፊ

የባለሥልጣን አጀብ ሲያልፍ መንገድ ይዘጋል። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ይዘረጋል፣ ታክሲው ጥግ ይይዛል፣ እግረኛው ቆሞ ይጠብቃል። «ምን አስቸኮላቸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወደሚነድ ተራራ ስካውቶችና ገበሬዎች ጭኖ የሚወጣው አቧራ የለበሰ ፒክአፕ ግን ለኬላ ጠባቂውም ለማደያ ሠራተኛውም እንደማንኛውም መኪና ነው። መብራት የለው፣ ሳይረን የለው፣ አውጥቶ የሚያሳየው ወረቀት የለው።

የእሳት አደጋ መኪና ቅድሚያ እንደሚሰጠው መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተምሯል። ጥያቄው «የእሳት አደጋ መኪና የትኛው ነው?» የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቤቱ ሲነድ 939 ደውሎ ቀዩን መኪና ይጠብቃል። ደን ሲነድ ቀድሞ የሚደርሰው ግን የፓርኩ ፒክአፕ፣ የወረዳው ላንድክሩዘር፣ ውሃ የጫነ ቦቴ፣ ሰው የጫነ አይሱዙ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው በቀለም ከሆነ እነዚህ ሁሉ ተራ መኪና ናቸው። በሥራ ከሆነ ግን ከእነሱ የሚቀድም የለም።

ይህ የወረቀት ክርክር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ አገር አይቷል። ጓሳው ነደደ፣ አስታው ነደደ፤ ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሳ። በመጨረሻ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ዋልያ በዓለም ላይ ከዚያ ተራራ በቀር መኖሪያ የለውም። ዩኔስኮ ፓርኩን በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አስገባው፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው ገና በ2017 ነበር። እሳቱ የተነሳው ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው። ከዚያ ቀደም በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱም ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ዘምቶ፣ የውጭ ባለሙያም ተጠርቶ ነበር።

ሕዝብ የሚያስታውሰው ሄሊኮፕተሩን ነው። ሄሊኮፕተር ግን ዘግይቶ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእግርና በመኪና የሚደርሱ ሰዎች ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለስካውቱ ተረት አይደለም፤ እሳቱን የሚመታው በእርግጥ በቅጠል ነው። ቅጠሉ የሚሠራው ግን እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ነው። ኬላ ላይ የባከነ አንድ ሰዓት በነፋስ ጊዜ አንድ ሸንተረር ሊያስከፍል ይችላል።

«ገደሉ ላይ መኪና አይወጣም፤ ሳይረን ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ገደሉ ላይ አይወጣም፣ እውነት ነው። ሰውና ውሃ ደባርቅ ድረስ የሚመጣው ግን በመንገድ ነው። ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ቅድሚያ ትርጉም የለውም የሚል፣ ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። «ሳይረን ለሁሉ ከተሰጠ ለሠርግም ይነፋበታል» ይባላል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ክልከላ ሳይሆን ልጓም ነው። በየዓመቱ ደን የሚነድባት የካሊፎርኒያ ሕግ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ለእሳት ጥሪ ሲወጣ የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ነው። ሾፌሩ ከመንገድ ደንብ ነፃ የሚሆነው ቀይ መብራት አብርቶ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ሳይረን አሰምቶ ነው። ያኔም ቢሆን ለሰው ሕይወት የመጠንቀቅ ግዴታው አይነሳለትም። በ2018 የወጣ ሕግ ደግሞ በግል ውል የሚሠሩ እሳት አጥፊዎች የአደጋ ጊዜ መብራትና ሳይረን እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። ልዩ መብቱ ለተሰማራው የሕዝብ አገልግሎት እንጂ ለከፈለ አይደለም ማለት ነው።

እዚህም የሚያስፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። ሕጉ የደን እሳት ለማጥፋት በመንግሥት ትእዛዝ የተሰማራን ማንኛውንም ተሽከርካሪ፣ የተከራየውን አይሱዙ ጨምሮ፣ በስም ይጥቀስ። ስምሪቱ ቁጥርና የሚያበቃበት ሰዓት ይኑረው። ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ መብራት ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት በፊርማ ይውጣ፣ በፊርማ ይመለስ። በኬላና በማደያ ቅድሚያው በግልጽ ይጻፍ። ያለስምሪት ያበራ ይቀጣ፤ ቅጣቱም ለባለሥልጣንም ለሾፌርም እኩል ይሁን።

ይህ ሄሊኮፕተር መግዛት አይደለም። ጥቂት አንቀጽ፣ ጥቂት መብራትና አንድ መዝገብ ነው። መሠራት ያለበትም በክረምት፣ ሣሩ እርጥብ ሳለ ነው። መጋቢት ላይ ጭሱ ከታየ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ውሻ ነው። ለአጀብ መንገድ መክፈት የሚያውቅ አገር ለእሳት አጥፊው መክፈት አያቅተውም።