ምጽዋትና ሴፍቲኔት፦ መንግሥት ከረዳ የምእመናን እጅ ይታጠፋል?

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ለችግረኛ መድረስ ከመንግሥት መርሐ ግብሮች በፊት የኖረ ሥርዓት ነው። የሰንበቴ ማኅበርተኞች ከቅዳሴ በኋላ ለነዳያን ያቋድሳሉ፤ ሐዘን ሲደርስ ቅሬ ይሰበሰባል፤ ሙስሊሙ ጎረቤትም ዘካውን ያወጣል። በ1997 ዓ.ም ልማታዊ ሴፍቲኔት በሀገሪቱ ሲጀመር ግን በርካታ የዞኑ ነዋሪዎች ድጋፍን በመዝገብ ማግኘት ጀመሩ። መንግሥት የሚረዳ ከሆነ የምጽዋት ድርሻ ምንድን ነው?

በመንግሥት ድጎማ ላይ ጥያቄ የሚያነሡ ክርስቲያኖች መነሻ አላቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 መሠረት ምጽዋት በስውር የሚደረግ የልብ ሥራ ነው። ግብር ግን በግዴታ ይከፈላል፤ ከፋዩም የተረጂውን ፊት አያይም። ክርክሩ ስለ ሰጪው ነፍስ ከሆነ ትክክል ነው። ለተራበው ግን የእህሉ መድረስ ይቀድማል።

ምጽዋትን የሚያደክመው የደግነት ማነስ ሳይሆን ዝናብ ነው። በልግ ወይም ክረምት ሲከዳ የሰንበቴው፣ የቅሬውና የዘመዱ ጎተራ በአንድ ወቅት ይራቆታል፤ ሁሉም የሚያርሱት ከአንድ ሰማይ በታች ነውና። ወሎ ይህን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም አይቶታል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረኃቡን ሲሸሽግ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሕዝብ የግለሰብ ቁራሽ ሊያድነው አልቻለም። በ1977ቱ ረኃብም አብያተ ክርስቲያናት ያደሉት እህል በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር።

መዝገብም የሚስተው አለ። በሴፍቲኔት ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በቀጥታ ይደገፋሉ። ልየታው በቀበሌ ኮሚቴ ይከናወናል፤ ቅር የተሰኘም አቤት ይላል። ይሁንና ኮታው ውስን በመሆኑ የሚገባት ባልቴት ከዝርዝሩ ልትቀር ትችላለች። ክፍያ ሲዘገይም ቀድሞ የሚደርስላት ጎረቤት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዕለታዊው እደላ መበለቶቻቸው የተዘነጉባቸው ወገኖች ቢያጉረመርሙ፣ ሐዋርያት ሥራውን የሚመሩ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እደላውን ወደ ሥርዓት ያስገባው የተረሱ ሰዎች አቤቱታ ነበር።

በገጠር ቀበሌዎች የሰንበቴው ሙሴና የቅሬው ዳኛ የማን ጎተራ እንደተራቆተ ከኮሚቴው ቀድመው ያውቃሉ። ይህን በልየታው ጉባኤ ላይ ቢናገሩ፣ ስሟ ያልተነበበው ባልቴት አቤቱታዋን የሚያቀርብላት ሰው ታገኛለች።